ከካርድ መስኮቱ እስከ ነርሷ በር

ወንድሜ ጋሼ ቱሉ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ረቡዕ ነበር። የገና ጾም ከተያዘ ሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔ ያን ጊዜ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ በመስኮት የሰው ስም መቀበል፣ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጎ ማውጣት፣ ወደ ነርሷ መላክ ነው። ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዳይረሳ ብዬ ነው። እኔ ረስቼው ነበር።

ጋሼ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ከእርሻችን እስከ ከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በእግሩ የመጣው መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣ ሰሞን ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ጫማው አቧራ ለብሷል። ወረፋውን አልፎ መጥቶ ክርኑን መስኮቱ ላይ ደገፈ።

«አካም ቡልቴ፣ ዶክተር ደሜ» አለኝ። እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፤ «ዶክተር» እያለ ነው የሚያሾፍብኝ።

«ወረፋ አለ እኮ ጋሼ።»

«ኧረ ወረፋ ያዝ አንተ ሰውዬ!» አለች ከኋላው ልጅ ያዘለች ሴት። «ወንድሙ ስለሆንክ ነው?»

«እህቴ» አለ ዞር ብሎ፣ «ይሄን ልጅ ወተት እየሸጥኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቢያስቀድመኝ ምን አለበት? ደግሞ አይተሽዋል አይደል፣ ወተቱ ሁሉ ቁመት ሆኖ ነው የቀረው።»

ወረፋው ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች።

ጋሼ የስኳር በሽታ ከያዘው አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ኢንሱሊን አይወጋም፣ ክኒን ነው የሚወስደው። አንዱ ክኒን ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ። ትንሿ ናት ስኳሩን በኃይል የምታወርደው። የሱ ቀጠሮ ዓርብ ዓርብ ነው፤ የስኳር ሕሙማን ቀን ዓርብ ስለሆነ። ግን ሁለት ዓርብ በተከታታይ መንገድ ተዘግቶ ሳይመጣ ቀረ፣ ክኒኑም አለቀበት። ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ መድኃኒት ሰንብቷል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ካርዱን እኔው አወጣሁና መድኃኒት ክፍል ሄጄ ክኒኑን ተቀበልኩለት። ነርሷ አላየችውም። ደሙም አልተለካም። ለወንድሜ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። ጥቅልሉን በመስኮቱ አቀበልኩት።

«እየጾምኩ ነው እኮ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ውሃም አልቀምስም። ይቺን ትንሿን መቼ ልዋጣት?»

ከኋላው ሰዎች ቆመዋል። እኔ ነጭ ጋውን ለብሻለሁ።

«እንደ ድሮው ነዋ። ሁለት ፍሬ፣ ጠዋት። መድኃኒት መቋረጥ የለበትም።»

«በባዶ ሆዴ?»

«በጉንጭ ውሃ ዋጣት። መድኃኒት ጾም አይገድፍም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትበላ የለ?»

በአንድ አፍ ሐኪምም ቄስም ሆንኩ።

«እሺ ዶክተር» አለ። ያን ጊዜ አላሾፈም። አምኖኝ ነው ያለው። ክኒኑን ደረት ኪሱ ከተተና ሊሄድ ሲል ተመለሰ። «ቅዳሜ ጤፉን እንወቃለን። ና። ያንን ነጭህን ግን አውልቀህ ና፣ በሬዎቹ ሐኪም መጣ ብለው ይደነግጣሉ።»

ሄደ። ከኋላው የነበረችውን ሴት ስም ጠየቅሁ።

ከመስኮቴ እስከ ነርሷ ሲስተር ሰናይት በር አሥራ ስምንት እርምጃ ነው። ያን ቀን በሯ ክፍት ነበር። ከወንበሬ አልተነሣሁም።

አሁን ወተት ሻጭ ነኝ። ካርድ ክፍሉን ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሰሞን አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «ካርድ ድሮ ቀረ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ መደርደሪያዎቹንም ነቅለው አወጧቸው» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። እኔ ግን ቤቴ እንደገባሁ ወረቀት ፈለግሁ። ስለዚያ ሥራ ልጽፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሱሉልታ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ በቅቶ ትንሽ ይተርፍ ነበር፣ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ጠዋት ሯጮች በመንገዱ ዳር እንፋሎት እየተፉ ሲያልፉ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ የካርድ ክፍሉን በር እከፍታለሁ። በሩን ስከፍት ኦቦ ዲንሳ ቀድመውኝ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አንድም ቀን ቀድሜያቸው አላውቅም።

ኦቦ ዲንሳ በዚያ ክፍል ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስክሪብቶ አይነኩም፤ በክር አንገታቸው ላይ ያሠሩት እርሳስ አላቸው። «ሰው ይሳሳታል፣ እርሳስ ይቅር ይላል» ይሉ ነበር። የሰው ስም ሲጠሩ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ስምን እስከ አያት ይጠይቃሉ፤ ሁለት ሰው በአያት ስም ሳይቀር ሲገጥም የእናት ስም ይጠይቃሉ። በሱሉልታ ሦስት ታደሰ በቀለ ነበሩ። አንዱ ሳንባ፣ አንዱ ወገብ፣ አንዱ ስኳር። «የዚህን ካርድ ለዚያ ብትሰጥ ቢላዋ ሰጠኸው ማለት ነው» አሉኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። ሁለቱንም ተምሬያለሁ። ሁለቱንም ጥያለሁ።

አንደኛው ይህ ነው። ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የገና ይሁን የሁዳዴ፣ ወይም ረመዳን፣ የስኳር ካርድ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ በመስኮቱ ይጠይቃሉ። «ጾም ይይዛሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» አዎ ካላቸው በካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ «ጾ» ብለው ይጽፋሉ፣ ከጎኑ ሰዓቱን። ነርሷ ያንን ምልክት ስታይ ሰውየውን ቁጭ አድርጋ ታነጋግረዋለች። የአንዱን የመድኃኒት ሰዓት ትለውጣለች፣ የአንዱን መጠን ሐኪሙ እንዲቀንስ ትልካለች፣ አንዱን ደግሞ «አባቴ፣ ዘንድሮ አይችሉም፣ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ» ትለዋለች። ሁሉንም ግን አንድ ነገር ሳትነግር አትሸኝም፤ ካላበህ፣ ከተንቀጠቀጥክ፣ ዓይንህ ከጨለመብህ ሰዓት አትጠብቅ፣ ጾምህን ግደፍና ስኳር ቅመስ።

ሁለተኛው ልማዳቸው «አላውቅም» ማለት ነው። ሰው በመስኮቱ ስለ መድኃኒት ሲጠይቃቸው፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ «አላውቅም» ይላሉ። ጮክ ብለው፣ ሳያፍሩ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው በጓሮ በር ይዞራሉ፣ የጠየቃቸውን ሰው ክርኑን ይይዙና ነርሷ በር ድረስ ያደርሱታል። ወረፋው ያጉረመርማል። እሳቸው አይሰሙም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ሽሮፕ ይዛ መጣች። ጠርሙሱ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ተብሎ ተጽፏል። «ስንት ጊዜ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አላውቅም» አሉና ወሰዷት። ሲመለሱ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ተጽፏል እኮ። ማንበብ ያቅትዎታል?»

«አነብባለሁ» አሉ። «ልጁ ሌላ ምን እንደሚወስድ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ያወቅከው ማንበብ ነው።» ቁጭ አሉ። «ከዚህ መስኮት እስከ ነርሷ በር ስንት እርምጃ ነው?»

«እንጃ።»

«ካልቆጠርከው ገና ሥራ አልጀመርክም።»

እዚያው ሱሉልታ አንድ ሰው ወረፋ ላይ እንዳለ ወደቀ። ወፍራም ሰውዬ ነው፣ እህል ነጋዴ። ላቡ በሸሚዙ አልፎ ይታያል፣ መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገረው አይገባም። «ሰክሯል» ያለ አለ። አብሮት የመጣው ዘመዱ «ስኳር አለበት!» ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ «እንግዲያው ስኳር እንዳታስጠጉት» አለ። ኦቦ ዲንሳ ምንም አላደረጉም፤ ሮጡ ብቻ። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ነርሷ መጣች፣ አየችው፣ ጣቱን ወጋ አድርጋ ለካች፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ እጅ የሻይ ብርጭቆ ነጥቃ ስኳር ሞላችበት። ሰውየው ገና መዋጥ ይችል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቀና አለና ሰዎቹን አያቸው፤ «ምን ሆናችሁ?» አለ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳር አንሶት ሊሞት እንደሚችል ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ነርሷ ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ክኒኗን ውጦ ሳይበላ ሲውል እንዲህ ነው» አለች።

አይቻለሁ። አላየሁም፣ አልሰማሁም አልልም።

ሦስት ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ ቡራዩ ተዛወርኩ። የዝውውር ደብዳቤው በሦስት ማኅተም ነው የመጣው፣ ስሜ ግን ተሳስቷል። ኦቦ ዲንሳ እርሳስ ሰጡኝ። «በክር እሰረው» አሉ። አሠርኩት። ለጥቂት ወራት።

የቡራዩ ጤና ጣቢያ ሰው ይበዛበታል። ከአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ሸሽቶ የመጣው፣ ከገጠር የሚገባው፣ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሁሉም አንድ መስኮት ላይ ይጋፋል። ኃላፊያችን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግቢው እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ነበር። አንድ ቀን ነጭ ጋውን በጆንያ አምጥቶ ለሁላችን አደለን። ጥበቃው ብቻ አልደረሰውም። «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ነጭ ግቢው ውስጥ ሰው ማየት አልፈልግም» አለ።

ለበስኩት። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ «ዶክተር» ብለው ጠሩኝ። የካርድ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ጠራኝ። ወረፋ አለ፣ ማስረዳቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ወር «ዶክተር» ያላለኝን ሰው ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ከዚህ ነው የጀመረው።

ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል ስለምናገር ነርሶቹ ለማስተርጎም ይጠሩኛል። አንዲት እናት በኦሮምኛ ትናገራለች፣ እኔ ለነርሷ በአማርኛ እነግራለሁ፤ ነርሷ ትመልሳለች፣ እኔ ለእናትየው እመልሳለሁ። አንድ ዓይነት ጥያቄ መቶ ጊዜ ይጠየቃል። መልሱን በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ነርሷን መጠየቅ ተውኩና እዚያው መስኮቱ ላይ እኔው መለስኩ። ወረፋው አጠረ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «እንደዚህ ልጅ ሥሩ! ነርሶቻችንን ያሳረፈ ሠራተኛ!» አለ። ተጨበጨበልኝ። የመልካም ሥራ ወረቀትም ተሰጠኝ። ወረቀቱ አሁንም አለ፣ የት እንዳስቀመጥኩት አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ዲንሳ ሊጠይቁኝ ቡራዩ መጡ። መስኮቱ ላይ ቆመው ትንሽ አዩኝ። አንዲት ሴት ስለ ክኒን ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፣ ሄደች። ኦቦ ዲንሳ ጋውኑን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ጨርቁን ዳሰሱት።

«ጥሩ ጨርቅ ነው» አሉ።

«ለሁላችንም ነው የተሰጠን።»

«እርሳስህስ?»

«እስክሪብቶ ይፈጥናል።»

«ስንት እርምጃ ነው እዚህ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሻይ ልጋብዝዎት ብላቸው መኪና ያመልጠኛል ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም፤ ወረፋ ነበረ።

ወደ ሰበታ እንድዛወር የጠየቅሁት ለጋሼ ቅርብ ለመሆን ነው። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይበልጠኝ የነበረው በሃያ ዓመት ያህል ነው። ሲስተር ሰናይት ጥሩ ነርስ ነበረች። ጋሼ ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት የገና ጾም እሱን አስቀምጣ አነጋግራው ነበር። ትንሿን ክኒን ጠዋት መውሰድ ትቶ ከሚበላበት ሰዓት ጋር አዛወረችለት፣ መጠኗን በሐኪም አስቀነሰችለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በላይ እንዳይጾምም አስማማችው። የንስሐ አባቱም ይሁን አሉ። ጋሼ ጾሙን በሰላም ፈታ። እንዲህ መሆን ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ሆኗል።

በሞተበት ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጁ ገመቹ አሥረኛ ክፍል ነበር። ተማሪዎቹ ሰልፍ የወጡ ቀን ከሌሎች ጋር ተጭኖ ተወሰደ። የት እንዳለ የሚነግረን አጣን። ጋሼ በየቢሮው በር ሳምንት ቆመ። ከዚያ መሄዱን ተወ። ልጄ እስኪመለስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም ብሎ ተሳለ። ስእለቱን ለሚስቱ ለእትዬ ብርቄ ብቻ ነው የነገራት። ያለ ክኒን በነበረባቸው ቀናት ስኳሩ ሽቅብ ሳይወጣ አልቀረም፤ ውሃ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፣ ግን ይቆማል። ከክኒኑ ጋር ስእለቱን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት በመስኮት።

ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ናት።

«ደሜ፣ ጋሼህ ወደቀ። ነዶ ሲሸከም አውድማው ላይ ወደቀ። ላብ አጥልቆታል፣ ይንቀጠቀጣል። እኔን አያውቀኝም።»

አፌን ሳልከፍት ከጎኗ የጎረቤታችን የኦቦ ጉተማ ድምፅ መጣ። «ስኳሩ ወጥቶበት ነው! ስኳር የሚባል ነገር እንዳታስጠጉት!»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለች በስልኩ የተቀዳችው ሴትዮ። ደገምኩ። ይህንኑ አለች።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። አሥራ ስምንቱን እርምጃ ሮጥኩ።

«ትንሿን ክኒን ወስዷል?» አለችኝ ሲስተር ሰናይት።

«ጠዋት። ሁለት ፍሬ።»

«እየጾመ? ዓምና ሰዓቱን ለውጬለት የለም እንዴ! ማነው ጠዋት ውሰድ ያለው?»

«እኔ።»

አየችኝ። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ግሉኮስና መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሾፌሩ በእጁ ወደ መንገዱ አሳየን፤ ዝግ ነው። በእግራችን ወጣን።

ከከተማው መውጫ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች ከበቡን። «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ አንዱ፣ ወዴት ነው ማለቱ ነው። ወንድሜ ታሟል አልኩት በኦሮምኛ። ጋውኔን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ዶክተር ነው! ልቀቁት፣ ዶክተር ነው!»

ድንጋዩን ገፍተው መተላለፊያ ሰጡን። አንዱ ልጅ የሲስተርን ቦርሳ ተሸክሞ አብሮን ሮጠ። ነጩ ጨርቅ በሕይወቴ አንድ ጊዜ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። እሱም አልጠቀመም።

ስንደርስ ከነዶው ክምር ጥላ ሥር አስተኝተውታል። እትዬ ብርቄ አጠገቡ ተቀምጣ ኩባያ ይዛለች። ኩባያው ውስጥ ያልተበጠበጠ ስኳር አለ።

«ላጠጣው ብል ከለከሉኝ» አለችኝ። «ሲወድቅ ይውጥ ነበር ደሜ። ምራቁን ይውጥ ነበር።»

«ስኳር ላለበት ሰው ስኳር?» አለ ኦቦ ጉተማ። ቆቡን በእጁ ይዟል። «ዶክተር፣ ንገራት እንጂ። ልክ ነኝ አይደል?»

ከጋሼ አጠገብ ተንበረከክሁ።

ሲስተር ክንዱ ላይ ደም ሥር ፈልጋ ወጋችው። አንድ ብልቃጥ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ጠበቅን። እጁን ያዝኩት፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ሲስተር ደረቱን መጫን ጀመረች፣ ደክሟት ስታቆም እኔ ተካኋት፣ ስደክም የቦርሳው ልጅ ተካኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ሞተ። ጾሙን ሳይፈታ።

ኦቦ ጉተማ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጠላው ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። እሱ ነጭ አልለበሰም። የሚያውቀውን ተናገረ፤ የሚያውቀውም ያንን ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ የጋሼ የንስሐ አባት መጡ። ስእለቱን ሲሰሙ መስቀላቸውን ያዙ። «ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ጾም አልታዘዘም» አሉ። «አንድ ቀን መጥቶ ቢጠይቀኝ እፈታለት ነበር።» ሲስተርም ቢጠይቀኝ ብላለች። መልስ ያላቸውን ሰዎች አልጠየቀም። የጠየቀው እኔን ነው፤ መጠየቁን ያስቆምኩትም እኔ ነኝ፣ መልስ ስላገኘ ሌላ ሰው አልጠየቀም።

ገመቹ ከገና በኋላ ተፈታ። ፀጉሩን ላጭተውታል። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረው እሱ ቤት በገባ ሰሞን ነው። አባቱ የሞተበትን ምክንያት እኔው ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ለምን አላውቅም አላልከውም?» አለኝ። ዛሬም አንድ ግቢ እንኖራለን። ላሞቹን አብረን እናልባለን። ጥያቄውን ደግሞት አያውቅም።

ጋሼ በሞተ ማግሥት ወደነበረው ዓርብ ጠዋት ልመለስ።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሊነጋጋ ሲል እጄን ኪሴ ውስጥ ሳደርግ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ አገኘሁት። ሐሙስ ስሮጥ ይዤው መጥቻለሁ። ሌላኛው ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል። ዓርብ ደግሞ የስኳር ሕሙማን ቀን ነው። ካርድ ካልወጣ ሲስተር ማንንም ማየት አትችልም።

ለእትዬ ብርቄ ነገርኳት። ዓይኗ አብጧል።

«ሂድ» አለችኝ። «ለቀብሩ ትደርሳለህ። ሂድና ክፈትላቸው።»

ጋውኑን ቤት ተውኩት። እንደ ሐዘንተኛ ጋቢ ለብሼ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ የትናንቱ ጎማ አመድ ሆኖ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ጤና ጣቢያው ስደርስ ከመስኮቱ ፊት ያለው አግዳሚ ሞልቷል። ማለዳ የተነሡ፣ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ጿሚዎች ናቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስንት ዓርብ እንዳለፈ፣ ስንቱን ሳልጠይቅ እንዳሳለፍኩ አሰብኩ።

በሩን ከፈትኩ። የጋሼ ካርድ ማክሰኞ እንዳወጣሁት ጠረጴዛው ላይ ነው። በሥራችን ደንብ የሞተ ሰው ካርድ ጥጉ ላይ በቀይ ይሰመርበትና ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል። ጥጉን አየሁት፤ ባዶ ነው። ዓምና ሲስተር ራሷ ጠይቃው ነው የዳነው፣ በኔ እጅ የተጻፈ ምንም የለም። መሳቢያውን ከፍቼ ኦቦ ዲንሳ የሰጡኝን እርሳስ ፈለግሁ። ከመሳቢያው ጥግ አገኘሁት፣ ክሩ አሁንም አለ። ካርዱ ጥግ ላይ «ጾ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ «እስከ 9»። ቀይ አላሰመርኩበትም።

መስኮቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይ የቆሙት እማማ ወርቄ ናቸው፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በየወሩ የሚመጡ። ክኒናቸውን ከመሃረባቸው ፈትተው በመዳፋቸው አሳዩኝ። ትንሿ ናት።

«እንደምን አደርክ ዶክተር። ነጭህን ዛሬ የት ጣልከው?» አሉኝ። ከዚያ ጋቢዬን አይተው ድምፃቸው ወረደ። «ብቻ ይቺን እየጾምኩ ጠዋት ልውሰዳት ወይስ ማታ?»

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

«እንዴት አታውቅም? ባለፈው ነግረኸኝ የለ?»

«ያኔም አላውቅም ነበር። ዶክተር አይደለሁም፣ ካርድ አውጪ ነኝ።»

ከኋላቸው ያሉት አጉረመረሙ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ያለ ሰው ሰማሁ። ካርዳቸውን አወጣሁ፣ ጥጉ ላይ በእርሳስ ምልክቱን አደረግሁ፣ በጓሮ በር ዞሬ ወጣሁ። ክርናቸውን ያዝኩ። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፣ በሳቸው እርምጃ ሃያ ስድስት ሆነ።

የሲስተር ሰናይት በር ዝግ ነበር። አንኳኳሁ። ስትከፍት ጋቢዬን አየች፣ እማማ ወርቄን አየች፣ የያዝኩትን ካርድ አየች።

«ይጾማሉ» አልኳት።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሼ ሁለተኛውን ሰው ስሙን ከነአያቱ ጠየቅሁት።